ሞልቃቃው ጭስ

ሚኒሶታ ውስጥ የገዛነው አሮጌ ቤት ሳሎኑ ላይ የእንጨት ምድጃ አለው። ባለቤቴ ገና እንዳየችው ጀበናዋን በሐሳቧ ጣደች። የጭስ ማውጫ ጠራጊው ግን ከጣሪያ ወርዶ፣ "የሸክላው ቱቦ ተሰነጣጥቋል፤ በውስጡ የብረት ቱቦ ሳይገባ እሳት እንዳትለኩሱ" አለን።

ብረቱን መምረጥ ቀላል ነበር። 304 እና 316 የሚባሉ የማይዝጉ ብረቶች አሉ፤ ለእንጨት ሁለቱም ይሆናሉ፤ 316 የድንጋይ ከሰልን አሲድ ስለሚችል ይወደዳል። እኛ ከሰል የምናውቀው ለቡና ነው፤ 304 ይበቃናል። ስፋቱም እንደ ምድጃው አፍ 6 ኢንች። ጣጣው የመጣው ሻጩ "ልባስ ይኑረው?" ሲል ነው።

ለአራስ ጥየቃ ከጎጃም የመጡት አማቴ ጣልቃ ገቡ። "ቱቦ ይበርደዋል እንዴ ልጄ?"

"የሚበርደውስ ጭሱ ነው፣ እማማ።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭስ ሲያስለቅሳቸው የኖሩ ሴት ናቸው። በርዶት ግን አይተውት አያውቁም።

ነገሩ እውነት ነው። ጭስ የሚወጣው ስለሞቀ ነው። የእኛ ጭስ ማውጫ ደግሞ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ የጥር ብርድ ሲጫወትበት ያድራል። ጭሱ መንገድ ላይ ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከወረደ፣ የተሸከመው እንፋሎትና ሬንጅ መሳይ ነገር ቱቦው ላይ ይጋገራል። ይህ ጥቀርሻ አንድ ቀን ይቀጣጠልና ምድጃው ጣሪያ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቱቦው ግማሽ ኢንች የሚወፍር የሴራሚክ ብርድ ልብስ ይጠቀለልበታል፤ ከላይ ፎይል፣ ከዚያ የሽቦ መረብ። ቬርሚኩላይት ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ በዙሪያው ማፍሰስም ይቻላል፤ ግን አንዴ ከፈሰሰ ማን ያወጣዋል?

"ጋቢ ነዋ!" አሉ አማቴ። እንዲያ ነው።

ችግሩ ጋቢ የደረበ ቱቦ ከ7 ኢንች ማለፉ ነው፤ ሸክላው ደግሞ ከዚያ ይጠብባል። ባለቤቴ 5 ኢንች ውሰድ አለች፤ ሻጩ ራሱን ነቀነቀ፤ ከምድጃው አፍ ከጠበበ ጭሱ ሳሎን ይመለሳል። ሩብ ኢንች ልባስም ነበር፤ ለዚህ ብርድ ነጠላ መሰለኝ። ሸክላው በሚሽከረከር ሰንሰለት እንዲፈርስ ተስማማን።

"ለጭስ ተብሎ ቤት ይፈርሳል?"

"ሸክላው ብቻ ነው፣ እማማ።"

ሻጩ አልጨረሰም። እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ልባሱ ብቻውን አያድነንም፤ ለዚያም መለኪያ ሸጠልን። ቤት ስንደርስ አማቴ ከክምሩ ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩና ጆሯቸውን ሰጡት። "እርጥብ ነው።" መለኪያውን ሰካሁት፤ 31 በመቶ ይላል። በማግስቱ መለኪያውን መልሼ ገንዘቡን ለጋቢው ጨመርኩት።