ቤት አልባው ባለቤት

ስልኩ የመጣው ከሚኒሶታ ነው፤ እኛ ጋ ዶሮ ሊጮህ ሲል።

«ሮቤ ላይ ጥሩ ቤት አለህ ብለውኝ ነው» አለ ሰውዬው።

«አለ» አልኩ። ደላላ የለም አይልም።

«ከኤርፖርቱ ምን ያህል ይርቃል?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሮቤ ሁለት ነው። አንዱ የባሌው ነው፤ ኤርፖርት አለው፣ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ ስሙ ሲነሳ ሁሉም የሚያውቀው እሱን ነው። ሌላው የአርሲው፣ የእኛው ነው፤ ስንዴ አለው፣ ገብስ አለው፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ አለው፣ እኔ አለሁት።

«ትንሽ ይርቃል» አልኩት። ውሸት አይደለም። ደላላ ዋሽቶ አያውቅም፤ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ሰውዬው የጠየቀኝ ኤርፖርቱን እንጂ ሮቤውን አይደለም። በመካከሉ ዋቤ ሸበሌ እንደሚፈስ አልነገርኩትም፤ ለነገሩ የወንዝ ዳር ብዬ ዋጋ ልጨምርበት እችል ነበር። በማግስቱ ራሱ ደርሶበት ደወለና የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ስድቡ ግን ጥርት ያለ የአገር ቤት ነበር፤ አሜሪካ ምንም አላበላሸውም።

የእኔ ሥራ በሕግ ዓይን ሲታይ ቅኔ ነው። ሰሙ ቤት፣ ወርቁ መሬት። በ1967 የካቲት ላይ የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ መሬት ሻጭ የሚባል ሰው በአገሩ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ነገሩን ቆልፎታል። ስለዚህ በድለላ ዘመኔ ሁሉ አንድ ካሬ መሬት ሸጬ አላውቅም። የሸጥኩት ቤት ብቻ ነው። አንዳንዱ ቤት እውነት ለመናገር ከነፋስ ጋር የተስማማ ጭቃ ነው፤ ግድግዳውን አይጥ፣ ጣሪያውን ዝገት በልቶታል። ገዢው ግን ደረቱን ነፍቶ ይገባል፣ ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ በዋጋው ይከራከረኛል፣ የዕድሜውን ቁጠባ አውጥቶ ይከፍላል። በሳምንቱ ያንን የተከራከረበትን ቤት በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ሰሙን አፍርሶ ወርቁ ላይ ብሎኬት ይደረድራል። እኔም ቆሜ አያለሁ፤ ሕግ አልተጣሰም።

ቋንቋችንም እንደዚያው ነው። «ጸጥ ያለ ሰፈር» ካልኩህ ባጃጅ አይገባበትም ማለት ነው። «ትንሽ እድሳት ይፈልጋል» ካልኩህ ግድግዳውን ይዞ ያቆመው የባሕር ዛፍ ድጋፍ ነውና እንዳትደገፈው። የአሰላ ባልደረቦቼ ደግሞ ከእኔም ይብሳሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ዓለም ያውቃል። በአሰላ ደላሎች አፍ ግን ያ 10 ኪሎ ሜትር ያላለፈበት ሰፈር የለም፤ ልጁ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ በሚሸጠው ቤት ሁሉ ደጅ ሮጧል። በዚያ ሁሉ መንገድ እንዴት እንዳላረፈደ እንጃ።

ቢሮዬ የአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ነው። ጋቢዬን ደርቤ እቀመጥና ሰማዩን አያለሁ። ሰው ደላላ የሚኖረው በወሬ ይመስለዋል፤ እኔ የምኖረው በስንዴ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ኮምባይነር ማሳው ላይ ሲጮህ፣ ለእኔ የኮሚሽን ድምፅ ነው። ስንዴው ተሽጦ ጥር ሲገባ ገበሬው ብሩን በጋቢው ሥር ይዞ ከተማ ይመጣል፤ ልጆቹ ተምረው የሚያድሩበት ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ እኔም እንደ ገበሬው ዋግ እፈራለሁ። በ2003 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ሲያጠወልገው፣ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የሚባለው ዘር ላይ ሲወርድ፣ የቤት ገዢ ከሮቤ ምድር ጠፋ። ቁሉምሳ ያሉት ተመራማሪዎች ዋግ የሚቋቋም ዘር ባወጡ ቁጥር ሥራዬን ያቃኑልኛል፤ እነሱ ግን ይህን ውለታቸውን አያውቁትም።

እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ። ቤት የለኝም፤ ባለቤት ግን አለችኝ። ይህን ቀልድ ባለቤቴ በተጋባን ዓመት ሰምታ ስቃለች፤ ሁለተኛ አልሳቀችም። «የሰው ቤት ስታሻሽጥ ትውላለህ፣ ማታ የሰው ቤት ትገባለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አከራያችን ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ድረስ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ቤት ያጠያይቀኛል፤ ሻዩን የምከፍለው እኔ፣ ወሩ ሲሞላ የምከፍለውም እኔ።

ከእናትህ ቤት ለምን አትገባም የሚል አይጠፋም። የእናቴ ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ሰርቪስ ነው፤ ታሪኩ ግን ከስፋቱ ይበልጣል። አባቴ ጭሰኛ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስዊድኖች በጭላሎ ካዱ የሚባለውን የእርሻ ልማት ሲያመጡ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ምርቱን ከፍ አደረገው። እርሻው እንደሚያዋጣ ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር አመጡ፤ ትራክተር ያለው ባለመሬት ደግሞ ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? ብዙ ሰው ተነቀለ። አባቴም ሚስቱን ይዞ ሮቤ ገባና ጭቃ ረግጦ ያንን ቤት ሠራ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ መሬት ላራሹ ታወጀ። አባቴ ያኔ ማረስ ትቶ ቆዳ ይነግድ ነበር። እስኪሞት ድረስ ሬዲዮ ላይ ትራክተር የሚል ቃል ከሰማ ጣቢያ ይቀይር ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አምና ጥር ላይ ደወለና «ቤቱ ይሸጥ፣ እማዬ እኔ ጋ ትምጣ» አለ። የእህቶቼንም ውክልና ሰብስቦ ላከ። እማዬ እሱ ጋ አንድ ጊዜ ሄዳ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ ነበር። ስትመለስ ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ጎረቤቶቹ በራቸው ላይ ዓይን አላቸው፤ አፍ ግን የላቸውም።»

ያም ሆኖ እሺ አለች። ቀጥላም ጠየቀችኝ፦

«የሚያሻሽጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ስንት ትወስዳለህ?»

«እንደ ወጉ ነው እማዬ። ሁለት ከመቶ ከገዢ፣ ሁለት ከመቶ ከሻጭ።»

«ከእኔ?»

«የሥራ ደንብ ነው።»

«ዘጠኝ ወር ሆዴ ውስጥ ስትቀመጥ» አለች፣ «ኪራይ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

ገዢው ስንዴው የያዘለት ገበሬ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆቹ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ይማራሉ። ገና ሲገባ ጩኮ ቀረበለት፣ ቡና ተፈላ። እሱ እሷን ለማክበር በአማርኛ ይጀምራል፣ እሷ እሱን ለማክበር በኦሮምኛ ትመልሳለች፤ መንገድ ላይ ተላልፈው እንኳ በደንብ ተግባቡ። ካርታውን ላሳየው ብድግ ስል «ተቀመጥ፣ ገና አቦል ነው» አለችኝ። በአቦል የልጆቹን ጤና ጠየቀች፤ በቶና አጥሩ ላይ ያለው ቀዳዳ የተበላሸ አጥር ሳይሆን የጎረቤት መግቢያ መሆኑን አስረዳች፤ በበረካ ደግሞ ከአንዱ የውኃ ቆጣሪ ሦስት ቤት እንደሚቀዳ፣ ረመዳን ሲሆን ሾርባው ከግራ፣ ፋሲካ ሲሆን ድፎው ከቀኝ እንደሚመጣ ነገረችው። የእኔ ሥራ ጉድለትን መደበቅ ነው፤ እናቴ ጉድለቱን ሁሉ እየዘረዘረች ዋጋ ጨመረችበት። ሰውዬው ሳይከራከር ቀብድ ቆጠረ፤ እሷ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

«እማዬ ተጠንቀቂ» አልኳት ሲወጣ። «ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።»

«የምኑን እጥፍ? የጋቢውን?»

የረሳነው ነገር እሑድ ዕለት መጣ። የሰፈሩ ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን የሚቀመጠው ከእናቴ ሰርቪስ ውስጥ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ «ለጊዜው» ብለው አስገቡት፤ አባቴ ራሱ በዚያው ድንኳን ተለቀሰለት፤ ተመልሶ ገባ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ሌሎች አምስት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ተመካከሩ።

«እናታችን፣ ቤትዎን መሸጥ መብትዎ ነው» አሉ ዳኛው። «ድንኳኑ ግን የዕድሩ ነው፤ የት ይግባ?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሁሉም ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይኸው ደላላ!» አሉ።

በኮሚሽን ዘመኔ እንደዚያ ያለ ተከራይ ይዤ ዞሬ አላውቅም። በወረቀት ቢጻፍ አከራይ የሚሻማበት ነው፤ ውኃ አያፈስም፣ መብራት አያመሽም፣ ልጅ የለው፣ እንግዳ የለው። የመጀመሪያዋን አከራይ ጥሩ አድርጌ ያዝኳት።

«ተከራዩ ይጠጣል?»

«በፍጹም።»

«ሰው ያመጣል?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። «ቤት አያመጣም። ሰው የሚሰበሰብበት ውጭ ሲወጣ ነው።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«የዕድር ነው።»

«የዕድር ዳኛ?»

«የዕድር ድንኳን።»

እሷ አማተበች። ቀጥዬ የሄድኩበት ሰው አዑዙ ቢላሂ አለ። ሃይማኖታቸው ይለያይ እንጂ በሩን የዘጉበት ድምፅ አንድ ነው። የሚገርመኝ ሁለቱም ሲሞትባቸው ያንኑ ድንኳን ከሁሉ ቀድመው የሚጠይቁ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው አከራይ የራሴው አከራይ ነበር፤ በሩን እንኳ አልዘጋም፣ ኪራይ ጨምሬያለሁ አለኝ።

ሳምንት ዞሬ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ገበሬው ከእማዬ ጋር ቡና ይጠጣል። እጥፉን የምንመልስበትን ብር ከየት እንደምናመጣ እያሰላሁ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ደላላ እውነት ሲናገር አፉ ይደርቃል።

«ድንኳኑ እዚሁ ነው የሚኖረው?» አለ።

«እስካሁን እዚህ ነበር።»

«ታዲያ ይኑራ! እኔ ልጆቼን ትቼ ማሳዬ ላይ የማድር ሰው ነኝ። ሌሊት ቢያማቸው የማንን በር ያንኳኳሉ ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ዕድሩ ከዚህ ግቢ ከወጣ ምን ገዛሁ?» ቡናውን አስቀመጠ። «አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል። ድንኳኑ ሲወጣና ሲገባ ሳህኑን ማን ይቆጥራል?»

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳህን ስትቆጥር አንድ አልጎደለባትም፤ የጎደለ ሲመስላት ሌሊት ተነስታ በባትሪ የምትቆጥር ሴት ናት። እንዲህ ሆኖ ተዋዋልን፦ ቤቱ የሰውዬው፤ ከሁለቱ ክፍል በአንዱ ልጆቹ፣ በአንዱ እማዬ በሕይወት እስካለች፤ ሰርቪሱ የድንኳኑ። በኮሚሽን ሥራዬ ቤቷን ሸጣ ያልወጣች የመጀመሪያዋ ሻጭ እናቴ ናት።

ወንድሜ ደወለ። «ተሸጠ?»

«ተሸጠ።»

«እግዜር ይስጥህ! መቼ ትመጣለች?»

«የት?» አልኩት።

ስም ዝውውሩ ያለቀ ዕለት እማዬ ባለቤቴንም እኔንም ጠራችን። መቀነቷን ፈታች፣ ከሁለት ከመቶዬ ሳንቲም ሳታጎድል ብሩን ምንጣፉ ላይ ቆጠረች። ከዚያ ተመለሰችበትና በወቅቱ የሮቤ የኪራይ ዋጋ የዘጠኝ ወር ቀነሰች። የቀረውን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ለባለቤቴ አቀበለቻት።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ቆጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና፣ «ጎሽ፣ የዚህ ወር ኪራይ ሞላ» አለች።