ካላቃጠለ አይሠራም

በእኛ አገር የመድኃኒት ብርታት የሚለካው በማቃጠሉ ነው። ቁስል ላይ የፈሰሰው አልኮል ካላስጮኸ፣ ሽሮፑ ፊት ካላስጨማደደ ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል። ይህ እምነት ከክሊኒክ ወጥቶ ኮስሞቲክስ ቤት ከገባ ወዲህ ግን ዕዳው የፊታችን ሆኗል። ሻጯ ብልቃጡን በፌስታል እያደረገች «የኔ ቆንጆ፣ መጀመሪያ ትንሽ ያቃጥልሻል፣ ከዚያ ይላጣል፤ እንዳትደነግጪ፣ እየሠራ ነው» ትላለች። ገዢዋም አትደነግጥም። የምትደነግጠው ሳያቃጥላት ካደረ ነው፤ በነጋታው «ፎርጅድ ነው እንዴ የሸጥሽልኝ?» ብላ ትመለሳለች።

ወንዱ ይህን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል። ፀጉር ቤት ጢሙን ተላጭቶ፣ አልኮል ሲረጩበት ዓይኑን ጨፍኖ «እሰይ!» የሚለው ማን ሆነና?

የሚላጠው ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የቆዳችን የመጨረሻው የላይ ሽፋን ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ወይም ሁለት መቶኛ ቢሆን ነው፤ ወፈር የሚለው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ነው። በዚህች ስስ ነገር ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ የሞቱ ሕዋሳት ረድፎች ተነባብረዋል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ፒተር ኢላያስ ሕዋሳቱን በጡብ፣ በመካከላቸው ያለውን ስብ ጡቡን በሚያያይዘው ጭቃ መስሏቸዋል። ይህ ግድግዳ የውስጣችን ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ይይዛል፣ ጀርምም እንዲሁ ዘው ብሎ እንዳይገባ ይከለክላል። ጭቃው የተቦካው ከሴራማይድ፣ ከፋቲ አሲድና ከኮሌስትሮል ነው። አዎን፣ ቁርጥ ቤት ተቀምጠን የምንፈራው ያው ኮሌስትሮል። ሰውነት ሁሉንም በነፃ ያመርታል። እኛ ጠዋት በሳሙና ጠርገን እናወጣውና ማታ «ሴራማይድ» ተብሎ የተጻፈበትን ጠርሙስ በሺህ ብሮች እንገዛለን።

ፍልውሃ የገባ ሰው ቆዳው ካልቀላ የታጠበ አይመስለውም። ውሃው እስከቻሉት ይሞቃል፣ ሳሙናው ሁለት ዙር ይመታል፣ ከዚያ ፍተጋው ይጀመራል። ቤትም ያው ነው። ልጇን የምታጥብ እናት ከክንዱ እየተጠቀለለ የሚወጣውን ግራጫ ነገር እያሳየች «እየው፣ ይሄን ሁሉ እድፍ ተሸክመህ ነው የምትዞረው!» ትላለች። ልጁ የተሸከመው በአብዛኛው የገዛ ቆዳውን ነው። አመድ መስሎ፣ ፊቱ ተወጥሮ፣ ለመሳቅ እንኳ እየሳበው ሲወጣ «አሁን ጸዳህ» ይባላል። ያ መወጠር ጭቃው መታጠቡን ነው የሚናገረው። የቆዳ ገጽ በተፈጥሮው አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። ተራው ደረቅ ሳሙና 9 ወይም 10 ይደርሳል። ፊታቸውን በልብስ ሳሙና የሚታጠቡትን ከልብሱ ጋር ትቻቸዋለሁ።

ይህን የሰማ ብልጥ ደግሞ «ቆዳ አሲድ ከወደደ ሎሚ ልቀባ» ይላል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው፤ መለኪያው በአንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲድነቱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ከ5 ወደ 2 መውረድ 1000 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሎሚ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም የሚተው ንጥረ ነገር አለ። ማድያት ለማጥፋት ሎሚ ተቀብታ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ በቀትር ታክሲ የምትጠብቅ እህታችን ሌላ ማድያት እየተከለች ነው። ብጉራቸው ላይ የጥርስ ሳሙና የሚለድፉት ቢያንስ ፊታቸው ጥሩ ይሸታል።

ቀልዱ የሚያበቃው የሚያቀላው ክሬም ጋ ነው። ሰርግ ሲቃረብ፣ ስም በሌለው ዕቃ ከሚሸጠው ቅይጥ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል፤ ኩላሊት የሚጎዳው ሜርኩሪም እንዲሁ። ጉዱ፣ ስቴሮይዱ አያቃጥልም፤ ያለሰልሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፣ ጓደኞች «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላሉ። ቀስ በቀስ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ ብጉር ይፈላል። ተቀቢዋ ስትተወው ፊቷ ፍም ይመስላል። ቅላት ፈልጋ ነበር፤ ቅላቱስ መጣ። እሷ ግን «ስለተውኩት ነው» ብላ ተመልሳ ትገዛዋለች።

በዚህ ሁሉ መሀል አቧራ ለብሶ ከመደርደሪያው ሥር የተቀመጠው ቫዝሊን ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ቼዝብሮ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይበላው ነበር ይባላል፤ 96 ዓመት ኖሯል፤ እናንተ ግን ተቀቡት። ቫዝሊን ውሃ አይጨምርም፣ ያለው እንዳይተን ይዘጋል እንጂ። ስለዚህ በፎጣ ፈትጎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ቆዳው ከደረቀ በኋላ መቀባት ድርቀቱን መክደን ነው፤ ገና እርጥብ ሳለ ይቀባ። ለመታጠብ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ሳሙናው ብብትና እግር ላይ ይሥራ። የተጎዳ ግድግዳ ካልነካኩት ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱን ይጠግናል።

ካልጠገነ አለርትን የመሰሉ የቆዳ ሐኪም ያለባቸው ሆስፒታሎች አሉ። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ስም የሌለውን ዕቃ አፍራችሁ ቤት አትተዉት፣ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።