ውዳሴ ኮት

ስለ ሥራ ሥነ ምግባር ብዙ ተጽፏል፤ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ቡናና ኩኪስ ቀርቦ፣ ለአለቃም ለምንዝርም ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ከአሠልጣኞቹ አንድ ስንኳ ይህን ትምህርት በፍጹምነት የፈጸመውን ብቸኛ ባልደረባ፣ ማለት በኃላፊው ወንበር መደገፊያ ላይ ተሰቅሎ የሚውለውን ኮት፣ ያመሰገነ ባለመኖሩ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ብዕሬን አንሥቻለሁ። ያነሣሣኝም፣ አንዲት ፊርማ ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስመላለስ፣ ባለቤቱን አንድ ቀን ሳላይ ኮቱን እንደ ቅርብ ዘመድ እስካውቀው ድረስ መሰንበቴ ነው።

ኮቱ ግራጫ ነው። የግራ እጅጌው ቁልፍ ተበጥሶ በጥቁር ክር ተተክሏል፤ በደረት ኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰክቷል። በፊቱ የተገለጠ ፋይል፣ በፋይሉ ላይ እግሩን የዘረጋ መነጽር፣ ከመነጽሩ አጠገብ በግማሽ ተጠጥቶ የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ጸሐፊዋም፣ «አሉ ጋሼ፤ ኮታቸው አለ፤ አሁን ወጣ ብለው ነው» ትላለች፤ በዚህችም አጭር ቃል መኖርና አለመኖር ያለ ቱሳሔና ያለ ቡዓዴ ተዋሕደው ይታያሉና፣ ባለጉዳይ ሁሉ ምሥጢሩን ከመመርመር ይልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በእምነት ይጠባበቃል።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ጥበብ አላወቁም። ንጉሥ ሹመኛውን ካባ ሲያለብሰው፣ ካባውን የለበሰው ሰው ራሱ ወደ ተሾመበት አገር ይወርድ ነበር፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ልብሳቸውን ወደ ሥራ ልከው እነሱ ከቤታቸው ቢቀሩስ የሚል ሐሳብ ለማንም አልመጣለትም። ዛሬ ሥርዐቱ ተገልብጦ ሹሙ ወንበሩን ያለብስና እርሱ ይሄዳል።

ትጋቱን ልናገር። ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ጧት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከቀትር በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ሆኖ፣ ዓርብ ጧት ብቻ በ5፡30 የሚያበቃው ነው። ኮቱ ግን ይህን ወሰን ንቆ፣ ሌሊቱንም እሑዱንም በሥራ ገበታው ላይ ያድራል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ጠይቆ አያውቅም። ባለጉዳይ ገላምጦ፣ ወንዝና ጎጥ ቆጥሮ፣ «ሲስተም የለም» ብሎ አያውቅም፤ እጅ መንሻም ቢያቀርቡለት ኪስ አለው እንጂ እጅ የለውም። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን የሚባሉ የአሠራር ማሻሻያዎች ተራ በተራ መጥተው፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሲያስጨንቁ፣ እርሱ ከተሰቀለበት አልወረደም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ አገልጋይ ሳይሾም መቅረቱ ግፍ ስለሆነ፣ የሹመት ደብዳቤ ይጻፍለት፤ የደረጃ ዕድገቱም በአዲስ ገበር፣ የእርከን ጭማሪውም በአንድ ቁልፍ ይሁን። ኮቱ ወደ ልብስ ንጽሕና መስጫ በሄደበት ቀን ወንበሩ ባዶ እንዳይውል ለምክትሉ ሹራብ በጽሑፍ ውክልና ይሰጥ፤ ሹራቡ ግን ከሥልጣኑ በላይ እንዳይዘረጋ እጅጌው ይታጠፍ። ከዚያም የማኔጅመንት ስብሰባው በሙሉ የኮት ይሁን፤ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ግራጫው በማዕረግ ተሰይመው፣ አጀንዳው ተነቦ፣ ተቃውሞ ባለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ ቃለ ጉባኤው ይያዝ። በግምገማውም ጊዜ ጥቁሩ ኮት ግራጫውን «ለባለቤትህ አድልተሃል» ብሎ ቢከሰው፣ ግራጫው በዝምታ ግለ ሒሱን ያድርግ። የውጭ አገር ሥልጠና በመጣ ጊዜም ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ይሂድ፤ አበሉ ለኪሱ ይከፈለው፤ 60 ዓመቱ ሲደርስ ጡረታ ይውጣ፤ በሽኝቱም ዕለት ጋቢ ይደረብለትና፣ ስለ ሕዝብ አገልጋይነቱ ረጅም ንግግር የሚያደርግለት የበላይ ኃላፊው ኮት ይሁን።

የኮቱን ጓደኞች፣ ማለት ተከፍቶ የሚውለውን ኮምፒውተርና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ቦርሳ፣ ማመስገንን ለሌላ ጸሐፊ ትቻለሁ።

አንድ ቀን በዚያው አግዳሚ ላይ ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ የጽሕፈት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ይነሡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ እጅ ይነሡ ነበር። ውስጥ ሰው አልነበረም። «አባባ፣ አሉ፤ ትንሽ ይጠብቁ» ትላቸዋለች ጸሐፊዋ ልጅ፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» ብለው ይቀመጣሉ። ከበስተጀርባቸው ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተለበጠ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሎ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚጠናቀቅ ይዘረዝራል። በ11፡30 ጥበቃው መስኮት ሲዘጋ ሽማግሌው ፌስታላቸውን ይዘው ወጡ። ደመወዝ እየተቀበሉ ከሥራ መጥፋት ስርቆት ነው፤ የተሰረቀውም የእኚህ ሰው ቀን ነው፤ ልጅቱም በሌላ ሰው ትእዛዝ ስትዋሽ ትውላለች፤ እኔ በዚህ ውስጥ የሚያስቅ ነገር አላየሁም።

ይቅር በሉኝ፤ ምስጋናዬን ልጨርስ። የኮቱ አንድ ድካም ቢኖር የጣት አሻራ የሌለው መሆኑ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መቆጣጠሪያው መሣሪያ ከተተከለ ወዲህ ኃላፊው ጧት መጥተው ጣታቸውን አስነክተው ለመሄድ፣ ማታም ተመልሰው ጣታቸውን አስነክተው ለመሄድ ተገድደዋልና፣ በነዳጅም በጊዜያቸውም ላይ የሚደርሰው ብክነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው የእጅጌ አሻራም እንዲቀበል ተደርጎ ይሻሻል ዘንድ ማመልከቻ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ መዝገብ ቤትም ቁጥር ሰጥቶ፣ «ለኃላፊው ይቅረብ» ሲል መርቶታል።