አፏን የዘጋችው አዞ

ኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ ከሚገባበት አቅራቢያ፣ ባለጀልባዎች የአዞ ገበያ በሚሉት ዳርቻ፣ አዞዎች ቀትር ላይ ተጋድመው አፋቸውን ይከፍታሉ። ጎብኚ ሊበሉን ነው ብሎ ይደነግጣል። እነሱ ግን ፀሐይን ማመስገናቸው ነው። አፉን የዘጋን ጎሜ ይይዘዋል፤ ጎሜ ደግሞ ወግ የጣሰውን ብቻ ይዞ አይቀርም፣ ለዘመድ አዝማዱም ይተርፋል።

አንዲት ለጋ አዞ በደመና ቀን ማንም አፉን እንደማይከፍት አስተዋለች። አስተውላ ዝም አለች። በኋላ ከአባያ የመጣ ዓሣ አዳኝ ንስር ወሬ ይዞ ደረሰ፦ አርባ ምንጭ አዞ እርባታ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ገንዳ ዳር፣ እናታቸውን ሳያዩ ሰው ያሳደጋቸው አዞዎች አሉ፤ እነሱም ሲሞቃቸው ይከፍታሉ።

«እነሱንስ ማን አስተማራቸው?» ብላ የአዞዎቹን አለቃ፣ ሀላቃውን፣ ጠየቀችው።

«ደማቸው ነዋ።»

«ታዲያ ደም የሚያስተምር ከሆነ እኔን በጅራት መግረፍ ምን አስፈለገ?»

ሀላቃው መልስ ሲያጣ ተቆጣ።

በማግስቱ ቀትር አፏን ገጥማ ተኛች። ራሷ ጋለ፣ ዓይኗ ተጭበረበረ፤ አልችል ስትል ተንሸራታ ውኃ ገባችና በረደላት። ሌላ የደረሰባት ነገር የለም።

ያን ክረምት ዓሣ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ መረብ ተዘርግቶ እንደሚያድር የማያውቅ አዞ አልነበረም፤ ግን መረብ ዱቡሻ፣ ሸንጎው ላይ ቆሞ አይከሰስም፣ ጎረቤት ይከሰሳል። «የእሷ ጎሜ ነው!» ተባለ። ጎረምሶቹ ሊቦጫጭቋት ሲነሱ ጉማሬ መሃል ገብቶ ተንበረከከ፤ እርጥብ ሣር ከአፉ ተንጠልጥሏል። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ የለም። ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡትን የአርባ ምንጭ ወጣቶች በመስከረም 2011 ዓ.ም. የመለሷቸው ሽማግሌዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። (ጉማሬው ሣሩን ለእርቅ ይያዘው ለራት፣ እስካሁን አልተጣራም።)

«የምትይው ካለሽ ተናገሪ» አሏት።

«ማመስገኑን አልተውኩም» አለች። «ሲነጋ ደሜን የምታሞቀው ፀሐይ ናት። ያልገባኝ፣ ምስጋናው በአፍ ስፋት መለካቱ ነው።»

መልስ የሰጣት የለም፤ እያጉረመረሙ ተበተኑ። ቀትር ላይ አሁንም ሁሉም ይከፍታል። ሀላቃው ግን አንድ ምሽት ሚስቱ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አላት።

«ለመሆኑ» አለ፣ «ሲዘጉት መጀመሪያ የሚግለው የቱ ነው? ራስ ነው ጀርባ?»