«ያዘኝ» ባዩ

ወረኢሉ ውስጥ ምስጢር ይዞ ቡና ላይ መቀመጥ አይሆንም። አክስቴ ጀበናውን ሳትጥድ ፊትህን አንብባ ትጨርሳለች። ያን ዕለት ተነባቢው የወንድሟ ልጅ ነበር።

«እትዬ፣ ፍቅር ሳይዘኝ አልቀረም።»

«ጉንፋንም ይይዛል፣ ዝናብም ይይዛል፣ ፖሊስም ይይዛል። አንተን የያዘህ የትኛው ነው?»

«ልቤ ይመታል።»

«ባይመታማ ሽማግሌ ሳይሆን ገናዥ ነበር የምንልክልህ።»

«እሷን ሳይ ነዋ የሚመታው!»

«የት ነው የምታያት?»

«ዳገቱ ላይ፣ ከሥራ ስትመለስ።»

«እንግዲያው የወደድከው ዳገቱን ነው።»

አክስቴ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም። ዳተንና አሮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ግን እንደ ፈረንጆች በ1974 ካናዳ ውስጥ ከዚሁ ነገር ጋር ሲታገሉ ነበር። ገደል ላይ በተንጠለጠለ፣ በሚወዛወዝ ድልድይ የሚሻገሩ ወንዶችን አንዲት ሴት እያስቆመች ጥያቄ ትጠይቅና ስልኳን ትሰጣለች። በኋላ የደወሉላት፣ ጠንካራና ዝቅተኛ ድልድይ ከተሻገሩት ይልቅ እነዚያ የተንቀጠቀጡት በዙ። ልባቸውን የመታው ገደሉ፣ የተመሰገነችው ሴትዮዋ፣ አሉ ተመራማሪዎቹ። ወረኢሉ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ዳገት ወጥቶ ልቡ የማይመታ ካለ በቅሎ ነው።

ቶናው ተቀዳ።

«እንቅልፍ የለኝም፤ እህል አይወርድልኝም።»

«ቆሎውን ማን ጨረሰው?»

«ሐሳብ ነው እኮ፤ እኔ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ እኔ...»

«ቆይ! አንድ ጀበና ሙሉ ስታወራ ልጅቷ አንዴ እንኳ ብቅ አላለችም። እኔ ልቤ፣ እኔ እንቅልፌ፣ እኔ ሆዴ። እንዲህማ ከሆነ መስታወት አግባ።»

አማርኛችን ራሱ ተረበኛ ነው። «ፍቅር ያዘኝ» ስትል ሠሪው ፍቅር፣ አንተ የተያዝክ ዕቃ ነህ። «ወደድኳት» ስትል ግን ሠሪው አንተው፣ ዕዳውም ያንተው። ጎረምሶች መጀመሪያዋን የሚመርጡት በከንቱ አይመስለኝም፤ የያዘ ነገር አንድ ቀን ይለቃል፤ ያን ጊዜ «ለቀቀኝ» ብሎ መሄድ ነው።

«ለመሆኑ አግኝተሃታል?»

«ባለፈው ቀጥራኝ ነበር፤ ብርዱ ከብዶኝ ቀረሁ።»

«ወይ ወረኢሉ! ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን እስከ ጥቅምት እኩሌታ እዚህች ከተማ ሲቀጥሩ ስንቱ በእግሩ መጣ፤ ከዚህም አድዋ ደረሰ። አንተ ከታች ሰፈር መውጣት አቃተህ?»

«የእሳቸው ቀጠሮ ነጋሪት ነበረው።»

«ያንተስ ስልክ አልነበረውም?» ስኒውን አኖረችና ወደ በዛብህ ዞረች። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የመጽሐፉ አገር ዲማ ከቦረና ማዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ስለሆነ አክስቴ የመጽሐፉን አፍቃሪ በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የምታነሳው። «እሱ ለሰብለ ብሎ የዓባይን በረሃ ወረደ!»

«በዛብህም እኮ ቀርቷል፣ እትዬ።»

«እሱ ወደሷ ሲመጣ ወንበዴ ገድሎት ነው የቀረው። አንተን ማን ገደለህ?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም ለእሱ አዝኜ ሳቄን በአክስቴ ነጠላ ጫፍ ሸፈንኩ።

በረካው ሲቀዳ አክስቴ ስኳሩን አነሳች።

«እሷ በጨው ነው የምትጠጣው» አለ፣ ሳያስበው።

«ማን ጠየቀህ?»

«አይ... ስትጠጣ ደግሞ ግራ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። ያማታል፤ ለሰው ግን አትናገርም። ከቀረሁባት ወዲህ አኩርፋለች፤ ትናንት ጀሪካኑን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ዛሬ ሳትነሳ ቀድቼ በሯ ላይ አስቀመጥኩላት።»

«ሳይነጋ? በዚህ ብርድ?»

«ብርድ ነበር እንዴ?»

አክስቴ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። በሕይወቴ መልስ ስታጣ ሳያት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የስኳሩን ዕቃ ከደነች፣ ጨው ፈልጋ አመጣች፣ ስኒውንም ሰጠችው።

«የማን ልጅ ናት?» አለችው።