ሼፍ በአምስት ቀን

የታናሽ እህቴ ልጅ እሑድ ጠዋት ካርቱም ውስጥ አንድ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ገባ፤ ሐሙስ ማታ ሼፍ ሆኖ ተመለሰ። ሱዳን ውስጥ የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ልጁ አንዲት ቀን እንኳ አላባከነም። ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። የቅኔ ተማሪም ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። ሼፍነት ግን አምስት ቀንና አንድ ነጭ ባርኔጣ በቃው። ይህን የመሰለ አቋራጭ ላገኙልን መምህራን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እንዲህ ያለውን ዕድገት የማያደንቅ ሰው ምቀኛ ነው። እኔ ምቀኛ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያበገነኝ፤ ሐሙስ ማታ ራት ሲቀርብ ልጁ የእትዬን ቀይ ወጥ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየና «ሚዛን ይጎድለዋል» አለ።

እትዬ ታላቅ እህታችን ናት፤ ልጁንም ያሳደገችው እሷ ናት። ያኔ የምንኖረው ደይም ነበር፤ ካርቱም የረገጠ ሐበሻ ሁሉ ደይምን ያውቃል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ትጋግራለች፣ ቀን ለረክሻ ነጂዎችና ለቀን ሠራተኞች ሽሮና ቀይ ወጥ ታቀርባለች። ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ፌተሪታ የሚሉትን የሱዳን ማሽላ ትደባልቅበታለች፤ እንጀራዋ ግን ዓይናማ ነው። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የወጣውም ከዚያው ምጣድ ነው። እንግዲህ ሚዛን የጎደለው ይህ ነው።

ትምህርቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። እሑድ ባርኔጣ ታደለ፣ ፎቶ ተነሡ። ረጅሙን ባርኔጣ ያስለመደው ካሬም የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል፤ የካርቱምን ሙቀት አያውቅምና አንፈርድበትም። ማክሰኞ የሽንኩርት አከታተፍ ስም ተጠና፤ ጁሊየን፣ ብሩኗዝ እየተባለ። ሽንኩርቱ ሰሌዳ ላይ ተሳለ እንጂ አልተገዛም። ስለዚህ በሽንኩርት ያላለቀሰ የመጀመሪያው የወጥ ቤት ትውልድ ከእኛ ቤት ወጣ ማለት ነው።

ሰኞን ዘልዬው ነበር። ሰኞ የተማሩት እናት ስጎዎችን ነው። አምስት ናቸው አሉ። ልጁ የወለደችውና ያሳደገችው ሲደመሩ ሁለት እናት ነበረው፤ ሰኞ ማታ ሰባት ሆኑለት። አንደኛዋ ቤሻሜል ትባላለች። ቅቤ ይቀልጣል፣ ዱቄት ይጨመርበታል፣ ወተት እየፈሰሰ ይማሰላል።

«ገንፎ ነዋ!» አለች እትዬ። «ቀጠነ እንጂ።»

«እትዬ፣ ገንፎ አይደለም። በሰው ስም የተሰየመ ነው።»

«ሰውየው ወጥ ሠሪ ነበር?»

ልጁ ደብተሩን ገለጠ። አልነበረም። ሉዊ ደ ቤሻሜል የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የግብር ቤት ሹም ነበር።

«ያማሰለው ሰው ስሙ ጠፋ በለኛ» አለችና ወደ ሊጧ ዞረች። ከቡሃቃው ሊጥ ቀንሳ፣ በፈላ ውሃ አብስላ፣ መልሳ ቀላቀለችው። አብሲት እየጣለች ነበር። ዱቄትን በሙቀት ማወፈር በፈረንሳይኛ ሲሆን ትምህርት ነው፤ በአማርኛ ሲሆን አብሲት ነው፣ አብሲት ደግሞ ሰርተፊኬት የለውም።

ረቡዕ የመጣው ትምህርት ግን ከሁሉም በለጠ። ኤስኮፊዬ የሚባል ታላቅ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ለሠራዊቱ ምግብ ያበስል ነበር። በኋላ ለንደን፣ ሳቮይ ሆቴል ሲገባ ወጥ ቤቱን እንደ ጦር በማዕረግ ከፋፈለው፤ የስጎ ኃላፊ፣ የዓሣ ኃላፊ፣ የቀዝቃዛ ምግብ ኃላፊ፣ ዕቃ አጣቢ። ከበላይ ትእዛዝ ይመጣል፣ ከታች «አዎ ሼፍ!» ይባላል። ለመቶ እንግዳ ለሚያበስል ሆቴል ብልህ ሥርዓት ነው። ልጁ ዓርብ ዕለት በእኛ ቤት ተከለው።

ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ዳስ፣ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ አራት ሰው ነበር። ልጁ ሼፍ ሆነ። እትዬ የስጎ ኃላፊ ሆና ተሾመች፤ ሹመት ነው አላት፣ ሽረት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። የጎረቤት ልጅ የዓሣ ኃላፊ ተባለች፤ ዓሣ ስላልነበረ እጇን አጣምራ ቆመች። እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ገና ምንም አልቆሸሸምና እኔም ቆምኩ።

ረፋድ ላይ አንድ ረክሻ ነጂ መጣ። «ሽሮ አለ?» አለ። ድሮ እትዬ «ግባ ልጄ» ትለውና ሳይቀመጥ ይቀርብለት ነበር። አሁን ግን ልጁ ትእዛዙን ጮኾ አነበበ፤ ሦስታችን «አዎ ሼፍ!» አልን። እትዬ ጨው ጠየቀች። ጨው የቀዝቃዛ ምግብ ኃላፊ ዘንድ ነው፣ ቦታው ደግሞ ክፍት ነው። ጨው ቀዝቃዛ ነው ወይስ ትኩስ የሚለው ለውይይት ቀረበ፤ ልጁ ደብተሩን አገላበጠ፣ አላገኘውም። ሽሮው ገነፈለ። እትዬ ድስቱን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ «የእሳት ኃላፊ ሳያዝ?» ተባለች። የእሳት ኃላፊም ቦታ ክፍት ነበር። እኔ አመለከትኩ። ልጁ የሥራ ልምድ ጠየቀኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እሳት ሳነድ እንደኖርኩ ነገርኩት፣ በወረቀት አሳየኝ አለኝ። ጎረቤታችን አንድ ጭልፋ በርበሬ ልትበደር ብቅ ብትል ለየትኛው ክፍል እንደምታመለክት ተጠየቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በርበሬ የምትበደረው ከሌላ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ሦስት የተለያዩ ኃላፊዎች እንደሚያስፈልጉ ተወሰነ። የበረካው ኃላፊ እስኪመደብ እንግዶቹ ሄዱ። እኔም መሽቶ እስኪጨልም አንድ ሳህን አላጠብኩም፣ ማዕረጌ ግን አልተነካም። ረክሻ ነጂው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እኛን አየና መንገዱን ተሻግሮ ፉል ሻጩ ዘንድ ሄደ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሠራዊቱ ራሱ ሰልፉን አሳምሮ እዚያው ፉል ሻጩ ዘንድ ወረደ። ሰውየው ብቻውን ነበር። አምስታችንንም፣ ረክሻ ነጂው እንግዲህ ጓደኛችን ሆኗል፣ ወዲያው አስተናገደን።

ይህን ሁሉ ስቄ ልተወው እችል ነበር። ግን ካርቱም የትኛው ከተማ ነው? በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲያሻቅብ አትባራ ላይ የተነሣው ሕዝብ፣ በሚያዝያ ፕሬዚዳንት አል በሽርን ያወረደበት አገር ዋና ከተማ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤሻሜል ያስተማረው ሰው ገና ለዳቦ በሚሰለፍበት ወቅት ነው። በትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ዶካ በሚሉት ምጣድ ላይ፣ ገርገሪባ በሚሉት መግፊያ ሊጥ እየገፋች እንደ ወረቀት የሳሳ ኪስራ ታወጣ ነበር። ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲወጡ ከእሷ ገዝተው ይበላሉ፣ ከዚያ ስለ ምግብ ሊማሩ ይገባሉ።

የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ሱዳን የቦኩና የተብላሉ ምግቦች አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳትመዋል። ኪስራው፣ ከቅጠል የሚዘጋጀው ከዋሉ፣ ሁሉም አለበት፤ ያንን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የሳይንስ ሰው ቁጭ ብሎ የሚጽፍበትን ሙያ፣ የምግብ ትምህርት ቤቱ በአንድ ሰዓት እንኳ አላነሣውም። አዋዲያ ማህሙድ ኮኮ የካርቱም የምግብና የሻይ ሻጭ ሴቶችን አደራጅታ እ.ኤ.አ. በ2016 ዋሽንግተን ድረስ ተጠርታ የዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶችን ሽልማት ተቀብላለች። እሷን ሼፍ ብሎ የጠራት ሰው ግን እኔ አልሰማሁም። ባርኔጣ የላትማ።

ይህ ትምህርት አይደለም። ልጅ ያሳደገውን እጅ እንዲንቅ ማሠልጠን ነው፣ ያውም እጁ ራሱ እየከፈለ።

ይቅርታ፣ ተናደድኩ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የባርኔጣው ስፌት በጣም ጥሩ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። በጋላባት አድርገን መተማ ገባን። እትዬ ከዕቃዋ ሁሉ ቡሃቃዋን ብቻ ይዛ ነበር፤ እርሾው ደርቆ ከጎኑ ተጣብቋል። መተማ ላይ ምጣድ ተዋሰች፣ በሦስተኛው ቀን እንጀራዋ ወጣ። ልጁ ሽንኩርት ከተፈላት። ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ፣ ቁሌቱ እንዳያርር አጠገቧ ቆሞ ያማስላል። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሚዛን መናገር ተወ።

አሁን አዲስ አበባ ነን፤ ልጁ ደግሞ እንደገና ሊመዘገብ ይፈልጋል። ይማር፣ አልከለክለውም፤ ቤሻሜልም ቢሆን ሆቴል ገብቶ እንጀራ ያበላዋል። እናንተ የትምህርት ቤት ባለቤቶች ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባርኔጣውን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጆቹን ከሰፈራችሁ ምግብ ለምትሸጥ አንዲት ሴት ላኩላት፣ ሽንኩርት ይላጡላት፤ የዚያን ሳምንት የአስተማሪ ደመወዝም ለእሷ ክፈሏት።