ምግባቸው አሪፍ ነው

ወደ ባሌ ሊወጣ የተነሳ የአዲስ አበባ ሰው፣ ሮቤና ጎባን የሚያውቅ ወዳጁን ስለ ማደሪያ ቢጠይቅ የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ ነው። አልጋው ይመቻል? ሙቅ ውሃ አለ? ብሎ ሲመረምር፣ ወዳጁ ጥያቄውን ዘለል አድርጎ «ምግባቸው አሪፍ ነው» ይለዋል። በዚህች አንዲት ምስክርነት ስንቱ ትንሽ ሆቴል ይኖራል! አልጋው ቢንቋቋ፣ ብርዱ በመስኮት ቢገባ፣ መብራቱ ደስ ባለው ሰዓት ቢመጣ፣ ምግባቸው አሪፍ ነው።

እንግዳችን ከነቤተሰቡ በአሰላ በኩልም ይምጣ በሻሸመኔ፣ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተንገላቶ ሮቤ ይደርሳል። ከዲንሾ በኋላ ማሳው ግራና ቀኝ እስከ አድማስ ይዘረጋል፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ደግሞ ስንዴ። መኪናው ሦስት ጊዜ ይቆማል። እማወራዋ ዘለላ ይዛ ፎቶ ትነሳለች፤ ልጆቹ በኮምባይነሩ ፊት ይደረደራሉ፤ አባወራው ከገበሬ ቤተሰብ መወለዱን ድንገት ያስታውሳል። ሆቴል ገብተው እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ስፓጌቲ ነው።

ከስፓጌቲው በፊት ሜኑው አለ። ጠንካራ ቡናማ ሽፋን ያለው፣ ገጾቹ በላስቲክ የታሸጉ፣ እንደ ቃል ኪዳን ውል በሁለት እጅ የሚቀርብ መጽሐፍ ነው። አባወራው መነጽሩን ያወጣል። አስተናጋጇ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

«ክለብ ሳንድዊች አለ?»

«አለ ጋሼ። ዶሮው ብቻ ነው ያለቀው።»

«ስቴክ በእንጉዳይ ሶስስ?»

«አለ። እንጉዳዩ ነው የሌለው።»

«እሺ፣ ፒዛ?»

«ፒዛ የሚሠራው ልጅ ጎባ ሄዷል።»

«ታዲያ ያለው ምንድን ነው?»

«ሁሉም አለ ጋሼ።»

ልጅቷ አትዋሽም። ሜኑው ላይ ሁሉም አለ። እንግዳውም ቢሆን አልተከፋም፤ ይህን ሁሉ የጻፈ ቤት ተራ ቤት እንዳልሆነ አረጋግጧል። ሽሮና ጥብስ ብቻ የሚል አንድ ወረቀት ቢሰጡት ኖሮ፣ ያሉት ሁለቱም ምግቦች ቢኖሩም እንኳ፣ ተነስቶ ሌላ ሆቴል ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ የሚመጣው ስፓጌቲ ነው፤ እሱ አያልቅምና።

የስፓጌቲው ጉዞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከሮቤ እምብዛም ሳይርቅ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ለፓስታ የሚሆነውን ዱረም ስንዴ ለዚህ ደጋ እያላመደ፣ ኢላኒና ባካልቻን የመሰሉ ዝርያዎችን ለገበሬው አድርሷል። ጣሊያኖችም በእርዳታ ገብተው የባሌን ገበሬ ከፓስታ ፋብሪካዎች ጋር ሲያገናኙ ቆይተዋል። ስለዚህ ስንዴው እዚህ ይበቅላል፤ በጭነት መኪና ቁልቁል ወርዶ ከተማ ይፈጫል፣ ይቀጥናል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፤ ከዚያ ያንኑ ዳገት ወጥቶ በተወለደበት ማሳ አጠገብ እንደ ባዕድ በሹካ ይጠቀለላል። እንግዳውም አንድ ጊዜ ቀምሶ «የእኛ አገር ፓስታ አይመስልም» ሲል ያሞግሰዋል።

በሆቴሉ ጓሮ ሌላ ጉዳይ አለ። ማለዳ ቤተሰቡ ገና ሳይወርድ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ሠራተኞቹ አንድ ገበታ ከበው ገንፎ ይበላሉ። አካባቢው መርቃ ይለዋል። ከገብስ የተገነፋ፣ መሐሉ ላይ የቅቤ ኩሬ ያለው፣ ጠርዙ ላይ እርጎ የተደፋበት ነው። ሽታው በኮሪደሩ ዞሮ ሁለተኛ ፎቅ ይደርሳል። እንግዳው ሽታውን ተከትሎ ወርዶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ምን ቢያዝ ጥሩ ነው? «ኦምሌት፣ ቶስት፣ ማርማላታ።» ማርማላታዋ ጥፍር በምታህል ማሸጊያ ትመጣለች፤ የማር ቀፎ የሚሰቀልበት የሐረና ጫካ ደግሞ ከተራራው ማዶ ነው።

ነገሩን የሚያበላሸው ፈረንጅ ነው። አንድ ጫማው በጭቃ የተለወሰ፣ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ የመጣ ሰው፣ በመስኮት አይቶ «እነሱ የሚበሉትን ስጡኝ» ይላል። አስተናጋጇ ታፍራለች። ባለቤቱ ይጠራሉ። ይመካከራሉ። በመጨረሻ ገንፎው ከሠራተኞቹ ገበታ ተቀንሶ በነጭ ሰሃን፣ ጎኑ ላይ ለምን እንደተቀመጠ የማይታወቅ የቲማቲም ቁራጭ ይዞ ይወጣል። ፈረንጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል። ያኔ ነው አባወራችን ኦምሌቱን ገፋ አድርጎ «ለእኛም አንድ አምጪልን፣ ለልጆቹ ባህላቸውን ላሳያቸው» የሚለው። በሚቀጥለው ሳምንት ሜኑው ላይ አዲስ መስመር ይጨመራል፤ «ስፔሻል ባህላዊ ቁርስ»፣ ዋጋው ከስቴኩ አይተናነስም።

ለነገሩ ይህን ትምህርት ባሌ ቀደም ብሎም አይቶታል። ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ በሚወርድበት፣ ካቻ በተባለ ገላጣ ስፍራ፣ አንድ ብሪታኒያዊ ባልና ሚስት ከአስር ዓመት በፊት ጥቂት ክፍሎች ያሉት ሎጅ ሠርተው ነበር። እዚያ ያደሩ ቱሪስቶች ስለ ቀበሮው ተናግረው ሳይጨርሱ ስለ እራቱ ይጀምሩ ነበር። ክፍያው በዶላር ነበር። የእኛ ሰው ዋጋውን ሲሰማ «ለጫካ?» ብሎ ይስቅና፣ ዓመቱ ሳይዞር ሪራ መንደር ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የዚያኑ ጫካ ቡና በስኒ ሲጠጣ «ማኪያቶ የላችሁም?» ብሎ ይጠይቃል።

ከሆቴል ወጥቶ ድንኳን የሚተክለውማ የባሰ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም የተመሠረተ ቢሆንም፣ መስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ሳነቴ ላይ አድሬያለሁ ማለት ማዕረግ ሆኗል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ይደርሳል። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ወጣቶቹ ከአዲስ አበባ ያመጡትን መኮሮኒ ጥደው በጋዝ ምድጃ ዙሪያ ይኮራመታሉ። ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ይቀመሳል፤ መኮሮኒው ጥርስ ላይ ይንቋቋል። አንዱ «ጣሊያኖች እንዲህ ነው የሚወዱት» ይላል። መንገድ መሪው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ጩኮውን ከኪሱ ያወጣል፤ ቤት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ በቅቤ የታሸ፣ እሳት የማይጠይቅ። እባካችሁ ቅመሱ ይላቸዋል። «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ እየደረሰልን ነው» ይሉታል። ከእነሱ አለፍ ብሎ ቀይ ቀበሮው ከጉድጓድ ብቅ የምትለውን ፍልፈል አድፍጦ ይጠብቃል። በዚያ አምባ ሁለቱ ብቻ ናቸው እራታቸውን በሰዓቱ የሚበሉት።

መመለሻው ላይ ማር ይገዛል። ከሐረና የመጣ ማር በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሰፈፉ አንገቱ ላይ ተንሳፍፎ፣ መንገድ ዳር ይጠብቃል። አባወራው የማር ሊቅ ይሆናል። ጠርሙሱን ገልብጦ አረፋው የሚወጣበትን ፍጥነት ያያል፣ በክብሪት ይፈትናል፣ በጣቱ ስቦ ያያል፣ ስኳር እንደሌለው ሻጩን አራት ጊዜ በፈጣሪ ያስምላል። ሻጩ ዛፍ ላይ የሰቀለውን ቀፎ ለማውረድ ሌሊት የወጣ ሰው ነው፤ ታግሶ ይምላል። ይህ ሊቅ ሆቴሉ ለሦስት ቀን ቁርስ ላይ ያቀረበለትን ቀይ ማርማላታ ከምን እንደተሠራ አልጠየቀም።

ከመሄዱ በፊት ባለቤቱ የአስተያየት መዝገብ ያቀርባሉ። አባወራው እስክሪብቶ ተቀብሎ ትንሽ ያስብና፣ ከልቡ የሚመጣውን ትልቁን ምስጋና ይጽፋል፤ «ምግባችሁ ከአዲስ አበባ ምንም አይተናነስም፣ በርቱ።» ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ያነቡታል። ወጥ ቤቷን ጠርተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላታል። ከዚያም በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ሹፌር ደውለው ተጨማሪ ማዮኔዝ ያዝዛሉ።